ምስጢሩን ለወንድሜ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የ13 ዓመት ልጅ ከሆነው ታናሽ ወንድሜ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። የሥራ ቦታዬ ስታዲየም አካባቢ ስለሆነ በየቀኑ ረጅም ሰዓት አውቶቡስ ላይ አሳልፋለሁ፤ ይህን ጊዜ የምገፋውም የአስማተኛውን ልጅ የሃሪ ፖተርን ታሪክ የሚተርኩትን ሰባት መጻሕፍት ደጋግሜ በማንበብ ነው። መጻሕፍቱን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አንድ በአንድ ነው የሰበሰብኳቸው፤ አሁን አራተኛ ዙር ላይ ነኝ። በሁለተኛው ዙር ደራሲዋ አስቀድማ የደበቀቻቸውን ፍንጮች ማየት ስጀምር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ያገኘሁትን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት፣ የገጹን ቁጥርም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ዛሬ ግን ታሪኩን ማንበብ ትቼ ፍንጭ ብቻ የምለቅም ሆኛለሁ፤ ስለ ምግብ ሲጻፍ እንኳ ‹ከዚህ ጀርባ ምን አለ?› እላለሁ። ወንድሜ ማንበብ ሲጀምር ደግሞ ዝም ማለት አቃተኝ። ‹እዚህ ጋ ልብ በል›፣ ‹ይህን ሰውዬ እንዳታምነው› እያልኩ አስቸገርኩት፤ ሦስተኛው መጽሐፍ መሃል ላይ ሲደርስ ስለ ሃሪ ጓደኛ ስለ ሮን አይጥ አምልጦኝ ነገርኩት። በማግስቱ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ‹አንቺ ስለጨረስሽው እኔ ምን አነባለሁ?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልነካውም። የሥራ ባልደረቦቼም ‹መጨረሻውን እያወቅሽው ለምን ትደጋግሚዋለሽ?› ይሉኛል። ምን ላድርግ? ወንድሜስ እንዲመለስ ካደረግኩ ከየት ይጀምር?»

ሰ.፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ማሳሰቢያ ላስቀምጥ። ጥያቄዎን በአግባቡ ለመመለስ የመጻሕፍቱን ምስጢሮች በስማቸው መጥራት ግድ ይለኛል፤ ስለዚህ እነዚህን መጻሕፍት ለማንበብ ያሰበ ወይም ጀምሮ ያልጨረሰ አንባቢ ይህን ጽሑፍ ለሌላ ጊዜ ቢያቆየው ይሻለዋል። እርስዎም ይህን ገጽ ወንድምዎ ከሚያገኝበት ቦታ እንዳያኖሩት አደራ እላለሁ።

ወደ ጉዳዩ ስገባ፣ ወንድምዎ ልክ ነው ብዬ ነው የምጀምረው። «አንቺ ስለጨረስሽው እኔ ምን አነባለሁ?» ያለው ከልጅነት ኩርፊያ ብቻ አይመስለኝም፤ የተወሰደበትን ነገር ለይቶ ስላወቀው ነው። የአይጡን ምስጢር፣ አይጡ በእውነቱ የሃሪን ወላጆች አሳልፎ የሰጠ አስማተኛ ሰው መሆኑን፣ ጥቂት ምዕራፎች ቆይቶ ራሱ ይደርስበት ነበር፤ ከእንግዲህ ሊያገኛቸው የማይችለው ግን ያን ምስጢር ሳያውቅ ሊያነብባቸው ይገባው የነበሩትን ገጾች ነው። እንዲህ ያሉ ተከታታይ ልብ ወለዶች ለሁለት ዓይነት አንባቢ የተጻፉ ናቸው፤ ለማያውቀውና ለሚያውቀው። የሚያውቀው አንባቢ ደግሞ የሚገኘው አስቀድሞ ሳያውቅ ካነበበው ሰው ብቻ ነው። እርስዎ በሁለተኛው ዙር ያን ያህል የተደሰቱት በመጀመሪያው ዙር ከልብዎ ስለተታለሉ ነው፤ መምህር ስኔፕን አጥብቀው ስለጠሉት፣ ለተንተባታቢው መምህር ኩዊረል ስላዘኑለት፣ ያንን እንቅልፋም ግራጫ አይጥ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ የተላለፈ የቤት እንስሳ ብቻ አድርገው ስለቆጠሩት። ወንድምዎ በዚህ መንገድ ሳያልፍ እርስዎ ካሉበት ቢደርስ ፍንጩን ያውቀዋል እንጂ ፍንጩ የሚሰጠው ድንጋጤ አያገኘውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው አባባል በገበያ መሃል ይጠቅማል፤ ለመጀመሪያ ንባብ ግን አይሆንም፤ እዚያ አንባቢው መመንጠር አለበት።

ይህን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ እርስዎ በደንብ በሚያውቁት ትዕይንት ላሳይዎት፤ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የኩዊዲች፣ በሚበር መጥረጊያ ላይ ተቀምጠው አየር ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ፣ ግጥሚያ ያስታውሱ። ሃሪ አየር ላይ ሳለ መጥረጊያው አልታዘዝ ብሎ ሊጥለው ይንፈራገጣል። ጓደኛው ሄርማዮኒ በአቅርቦ ማሳያ መነጽር የተመልካቹን መቀመጫ ስታማትር መምህር ስኔፕ ዓይኑን ከሃሪ ላይ ሳይነቅል አንዳች ነገር ሲያነበንብ ታየዋለች። እርሱን ለማስቆም በመቀመጫዎቹ መሃል ስትሮጥ መምህር ኩዊረልን ገጭታ ከፊቱ ባለው ረድፍ ላይ በግንባሩ ትደፋዋለች፤ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አትቆምም፤ ከዚያም በስኔፕ ካባ ላይ እሳት ትለኩሳለች። መጥረጊያውም ይረጋጋል። በመጀመሪያው ንባብ ሁላችንም የምናየው እሳቱን ነው፤ የወደቀውን ሰው ልብ የሚል የለም። መጥረጊያውን ሲያሳብደው የነበረው ኩዊረል መሆኑን፣ ሃሪንም ያተረፈው ያ ድንገተኛ ግጭት መሆኑን የምንሰማው በመጽሐፉ መጨረሻ፣ ከራሱ ከኩዊረል አፍ ነው። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ እዚህ ቦታ ላይ የሸሸገችው አንዳች ነገር የለም። ሁሉን ነገር ፊታችን አስቀምጣ፣ ዓይናችንን ብቻ ወደ ሚነደው ካባ አዞረችው። በአቀባበሉ ግብዣ ምሽትም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ስኔፕ የኩዊረልን ጥምጥም አሻግሮ ሃሪን ሲመለከተው የሃሪ ጠባሳ በኃይል ይቆጠቁጠዋል፣ እኛም ጥፋቱን ስኔፕ ላይ እንጭናለን፤ በዚያች ቅጽበት ወደ ሃሪ የዞረው የኩዊረል ማጅራት፣ ከጥምጥሙ ሥር የሃሪ ወላጆች ገዳይ የቮልደሞርት ፊት የተደበቀበት፣ መሆኑ ማንንም አያሳስበውም። መንትዮቹ የሮን ወንድሞች የበረዶ ኳሶችን አስማተው የኩዊረልን ጥምጥም ከኋላው ሲያስደበድቡትም ሳቅን እንጂ ከጨርቁ ሥር የማን ፊት እየተመታ እንደሆነ አላሰብንም።

ሌላው መደበቂያ ዝርዝር ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደውም ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው አምስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ሃሪና ጓደኞቹ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረውን የሃሪን የክርስትና አባት የሲሪየስ ብላክን ቤት ያጸዳሉ። ከመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያወጡት ዕቃ ብዙ ነው፤ ሲሞላ ደስ የማይል ዜማ የሚያሰማ የሙዚቃ ሣጥን አለ፣ ማንም ሊከፍተው ያልቻለ ከባድ የአንገት ሐብል አለ፣ የጥንት ማኅተሞች አሉ፣ በአቧራማ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ኒሻን አለ። ሐብሉ ከሙዚቃ ሣጥኑና ከማኅተሞቹ መሃል በአንዲት አጭር ሐረግ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሰባተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ግን ያ ሐብል የቮልደሞርት ነፍስ ቁራጭ የተቀመጠበት ዕቃ ሆኖ ይገኛል፤ ልጆቹ ዓለሙን ሁሉ ሲፈልጉለት የነበረውን ነገር በገዛ እጃቸው ይዘው ከሚጣለው ኮተት ጋር ቀላቅለውት ነበር። ይህ ፍንጭ አራት ዓመት ሙሉ በሚሊዮኖች መደርደሪያ ላይ ተኝቶ የቆየው በብልሃት ስለተደረደረ ነው። አንባቢ ዝርዝር ሲያይ እያንዳንዱን ዕቃ አንሥቶ አይመዝንም፤ «ቤቱ በኮተት ተሞልቷል» የሚለውን ይይዝና ወደሚቀጥለው አንቀጽ ይሻገራል።

አሁን ወደ ቀዩ እስክሪብቶ እንመለስ፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ አንድም ቃል ባይተነፍሱ እንኳ መጻሕፍቱ ይናገሩብዎታል። ወንድምዎ አምስተኛውን መጽሐፍ ገልጦ በዚያ ረጅም ዝርዝር ውስጥ ሐብሉ ብቻ በቀይ ተሰምሮበት ካየ፣ ደራሲዋ በዝርዝር ውስጥ የሸሸገችውን እርስዎ በአንድ መስመር አወጡት ማለት ነው። የእስክሪብቶ ቀለም አይጠፋም። ሌላ ንጹሕ ቅጂ ቢያገኙ መልካም ነበር፤ ሰባት መጽሐፍ እንደገና መግዛት ግን በዛሬ ዋጋ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከቱሉ ዲምቱ አራት ኪሎ ድረስ ሄዶ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መፈለግም የዕረፍት ቀንን ግማሽ የሚበላ ጉዞ ነው። ስለዚህ የደራሲዋን ብልሃት ከራስዋ ተውሰው ይጠቀሙበት። ያንኑ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው በየምዕራፉ ሌሎች ብዙ መስመሮችን ያስምሩ፤ ያሳቀዎትን ንግግር፣ ጥሩ ሆኖ የተጻፈውን ዐረፍተ ነገር፣ የሚከብደውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ የምግቡን ዝርዝር ሳይቀር። በሐብሉ አጠገብ የሙዚቃ ሣጥኑም፣ ኒሻኑም ይሰመርባቸው። ቀዩ መስመር ሲበዛ የሚያመለክተው ነገር አይኖረውም፤ ወንድምዎም እህቱ የምትወዳቸውን መስመሮች ያሰመረችበት መጽሐፍ ይዞ ያነባል። እርስዎ የሚጎድልብዎት ነገር የለም፤ የገጾቹን ቁጥር አስቀድመው ደብተርዎ ላይ አስፍረውታል። ደብተሩን ግን ይቆልፉበት፤ ሰባተኛውን መጽሐፍ የዘጋ ቀን ያስረክቡት።

ዝምታውን በተመለከተ፣ ከባድ እንደሚሆንብዎት ይገባኛል፤ የሚወዱትን ነገር ለሚወዱት ሰው ለማካፈል መቸኮል መልካም ልብ እንጂ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ዝምታው ፊትንም ይጨምራል። ልጆች የታላላቆቻቸውን ፊት ከመጽሐፍ ይልቅ አጥርተው ያነባሉ፤ እርሱ የሚያነበውን ገጽ በጎን እያዩ ፈገግ ካሉ የነገሩት ያህል ነው። ግምቱን ሊነግርዎት ሲመጣ «አዎ» ወይም «አይደለም» አይበሉት፤ «ምን አይተህ ነው?» ብለው ይጠይቁትና እስኪጨርስ ያድምጡት። ግምቱ ፈጽሞ የተሳሳተ ቢሆንም አያርሙት፤ የተሳሳተ ግምት ይዞ ሦስት መቶ ገጽ መጓዝ የእነዚህ መጻሕፍት ዋነኛ ደስታ ነው።

ሊረዱት የሚገባዎት በቋንቋው ነው፤ በዚህ ሳይሰስቱ ይርዱት። በ13 ዓመቱ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ በየገጹ የማያውቃቸው ቃላት ይገጥሙታል፤ በዚህ ሸክም ላይ «ልብ በል፣ አስተውል» የሚል ሌላ ሸክም ከተጨመረበት ንባቡ የፈተና ጥናት ይሆንበታል። እኛ በሁለተኛ ቋንቋችን የምናነብ ሰዎች በመጀመሪያው ዙር ታሪኩን ለመያዝ ስንል ብዙ ነገር እየዘለልን እንደምናልፍ እርስዎም ያውቁታል፤ በሁለተኛው ዙር ካገኟቸው «ፍንጮች» አንዳንዶቹ ያኔ የቋንቋው ነገር ጋርዶብዎት ያለፏቸው ተራ ዐረፍተ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቃል ሲጠይቅዎት ወዲያው ይመልሱለት፤ የሐብሉን ቃል በጠየቀዎት ጊዜም የማኅተሙን ባስረዱበት ርዝመት ብቻ ያስረዱት እንጂ አያስረዝሙት። እኔም የምኖረው ከከተማው ዳር ነውና መብራት ሲጠፋ ምሽቱ እንዴት እንደሚረዝም አውቃለሁ፤ በእንዲህ ያለ ምሽት አንድ ምዕራፍ ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎት ይጠይቁት። ያን ጊዜ እርስዎ አድማጭ ይሆናሉ፤ አድማጭ ደግሞ አያቋርጥም።

አሁን ስለ ራስዎ ንባብ። «ስለ ምግብ ሲጻፍ እንኳ ከጀርባው ምን አለ እላለሁ» ያሉት ነገር ደጋግሞ የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ደረጃ ነው፤ የሚያልፍም ነው። ለማለፍ የሚረዳው ግን ደራሲ ሁሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ፈጣሪ አለመሆኑን ማስታወስ ነው። የአራተኛውን መጽሐፍ መጨረሻ ይመልከቱ። የሃሪና የቮልደሞርት በትሮች በተያያዙ ጊዜ ከቮልደሞርት በትር የገደላቸው ሰዎች ጥላ ከመጨረሻው ሟች እየጀመረ ወደ ኋላ ይወጣል። የሃሪ አባት ከእናቱ ቀድሞ ስለተገደለ ቀድማ መውጣት ያለባት እናቱ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጡት የመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች ግን አባቱ ቀድሞ ይወጣል። ስንት አንባቢ በዚህ ላይ ስንት ግምት ገነባበት! ነገሩ ግን ስሕተት ነበረ፤ በኋለኞቹ ኅትመቶች ታርሟል። እርስዎ መጻሕፍትዎን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ስለሰበሰቡ ያልታረመው ኅትመት እጅዎ ገብቶ፣ እርስዎም በቀይ አስምረውበት ሊሆን ይችላል።

ከዚህም የሚገርም አለ። ጄ. አር. አር. ቶልኪን «ዘ ሆቢት»ን እ.ኤ.አ. በ1937 ሲያሳትም በታሪኩ ውስጥ ያለችው ቀለበት የሚያደርጋትን ሰው ከዓይን የምትሰውር ጠቃሚ ዕቃ እንጂ ሌላ አልነበረችም። በዚያ የመጀመሪያ ኅትመት ጎለም የተባለው የዋሻ ፍጡር በእንቆቅልሽ ውድድሩ ቀለበቷን ራሱ ለሽልማት ያስይዛል፣ ሲሸነፍም የታሪኩን ባለቤት ቢልቦን መንገድ መርቶ በሰላም ይሰናበተዋል። ደራሲው ቀጣዩን ታላቅ ሥራውን «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ»ን ሲጽፍ ቀለበቷ የክፋት ሁሉ ማሰሪያ ሆነችበት፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሶ ያንን ምዕራፍ እንደገና ጻፈው፣ የተሻሻለውም ኅትመት እ.ኤ.አ. በ1951 ወጣ። ጎለም ቢልቦን «ሌባ» ብሎ የሚረግመው በዚህ ኅትመት ነው። የቀድሞውንም ታሪክ ቢልቦ ስለ ቀለበቷ የተናገረው ውሸት አድርጎ ወደ አዲሱ ሥራው አስገባው። ዛሬ «ዘ ሆቢት»ን ደግሞ የሚያነብ ሰው በዚያ ምዕራፍ ውስጥ የኋለኛው ታሪክ ጥላ አርፎ ያገኛል፤ ጥላው የተሳለው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ በበኩሌ ይህ የፍንጩን ክብር ይቀንሰዋል ብዬ አላምንም። ቢሆንም እያንዳንዱ ማንኪያ ምልክት ይመስለኛል ለሚል አንባቢ ዕረፍት ይሰጠዋል፤ አንዳንዱ ነገር ቀድሞ የታሰበ ነው፣ አንዳንዱ ኋላ የተያያዘ፣ አንዳንዱ ደግሞ የተሳሳተ።

እውነተኛውን ከመሰሉ ለመለየት እኔ የምጠቀምበትን ልንገርዎት። እውነተኛ ፍንጭ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ መጀመሪያ በተቀመጠበት ቦታ የራሱ ሥራ አለው፣ ኋላም ሌላ ሥራ ይሠራል። ስኔፕ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሃሪን ስለ ቤዞር ሲጠይቀው፣ ያ ከፍየል ሆድ የሚገኝ መርዝ የሚያረክስ ድንጋይ እዚያ ቦታ ላይ የሚሠራው ልጁን በክፍል ፊት ማዋረድ ነው፤ ትዕይንቱ በዚያ ብቻ ሙሉ ነው። በስድስተኛው መጽሐፍ ሮን ተመርዞ ሲወድቅ ሃሪ የሚያድነው በዚያው በቤዞር ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሕፃኑን ሃሪን ያመጣው ግዙፉ ሃግሪድ ሞተር ብስክሌቱን ከወጣቱ ሲሪየስ ብላክ እንደተዋሰ ሲናገርም ዐረፍተ ነገሩ የሞተሩን መገኛ ያስረዳል፤ ስሙ የሚከብደው ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነው። የግብዣው ምግብ ግን የራበውን ልጅ ያጠግባል፣ ሥራውም እዚያው ያበቃል። ይተዉትና ይብሉ።

ለአራተኛው ዙርዎ ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅዎት። ቀዩን እስክሪብቶ ቤት ትተው ይውጡና አንድ ሰው ብቻ መርጠው በሰባቱም መጻሕፍት ይከተሉት። ብዙ ሰው ስኔፕን ይመርጣል፤ ምክንያቱም አለው። ያንን የኩዊዲች ግጥሚያ ሦስተኛ ጊዜ ሲያነቡት የሚታየው እሳቱም፣ የወደቀው ሰውም አይደለም፤ በከንፈሩ የሚያነበንበው መምህር የኩዊረልን አስማት በማርከስ ሃሪን ሊያድን ይታገል እንደነበረ፣ ሊያድነው ሲታገልም የተቃጠለው የእርሱ ካባ እንደሆነ ነው። የሚጠላውን ሰው ልጅ የሚያድነው ለልጁ እናት ሲል መሆኑን ካወቁ በኋላ ያ ገጽ እንቆቅልሽ መሆኑ ያበቃና ኀዘን ይሆናል። ለእርስዎ ግን እኔ የምመርጥልዎት ሰው ፔቱኒያን ነው፤ የሃሪን አክስት። በአምስተኛው መጽሐፍ ዲሜንተሮች፣ የሰውን ደስታ የሚመጡት ፍጡራን፣ ሃሪን ባጠቁት ምሽት ይህች አስማት የሚባል ነገር በቤትዋ እንዳይነሣ የምትከለክል ሴት ዲሜንተሮች ምን እንደሆኑ በድንገት ስትናገር ሁሉም ይደነግጣል። ያ መጥፎ ልጅ ከዓመታት በፊት ለእርስዋ ሲነግራት ሰምቼ ነው ትላለች። ሃሪ ስለ አባቱና ስለ እናቱ የምታወራ መስሎት ይቆጣል፤ እኛም ከእርሱ ጋር እንቆጣለን። በሰባተኛው መጽሐፍ ግን ያ ልጅ ስኔፕ እንደነበረ እናያለን፤ ፔቱኒያም ከዛፍ ጀርባ ሆና እህትዋና ጓደኛዋ የሚያወሩትን፣ እርስዋ ልትገባበት የማትችለውን ዓለም ትሰማ የነበረች ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመልሰው በአጥር ላይ አንገትዋን አስግጋ ጎረቤቶችዋን የምትሰልለውን ሴት ሲያገኙ ምን እንደሚሰማዎት ይዩት። እርስዎ እህት ነዎት፤ ከእኔ አሻግረው ያያሉ ብዬ አምናለሁ።

የሥራ ባልደረቦችዎ ጥያቄ ብዙ የሚያቆየን አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ያንኑ የዮሐንስን መልእክት በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ደጋግሞ ይመለስበታል፤ መጨረሻውን ስላላወቀ ነው የሚመለሰው ያለ ሰው አልሰማሁም። እነርሱ ባያነቡት እርስዎን አያግድዎትም።

የቀረው ወንድምዎ ከየት ይጀምር የሚለው ነው። ከሦስተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ይጀምር እላለሁ። መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቁት፤ በአጭሩና ያለ ማብራሪያ። ከዚያም የአይጡ ነገር አንዴ ስለፈሰሰ፣ በዚህ በአንዱ ብቻ እርሱም እንደ እርስዎ የሚያውቅ አንባቢ ይሁን፤ «ደራሲዋ ስለ አይጡ አስቀድማ የነገረችን የት የት ነው? አንተ ፈልገህ አሳየኝ» ይበሉት። ሮን አይጡን ይዞ ወደ እንስሳት መሸጫው በገባ ጊዜ ሻጯ የጎደለችውን ጣት ልብ ማለትዋን፣ ተራ አይጥ ከሦስት ዓመት በላይ እንደማይኖር መናገርዋን ያገኘዋል፤ የሮን አይጥ ስንት ዓመት በቤተሰቡ እንደኖረም ቆጥሮ ይደነግጣል። ምናልባት እርስዎ ያላዩትንም ያመጣል፤ ያን ጊዜ ያሰመሩበት መሆን አለመሆኑን አይንገሩት፣ ደስታውን ብቻ ይቀበሉት። ይህን እየፈለገ ሳለ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ እርስዎ ያልነገሩት ሌላ ትልቅ ምስጢር ከአጠገቡ ያልፋል፤ ሄርማዮኒ በአንድ ሰዓት የተደራረቡ ትምህርቶችን እንዴት እንደምትከታተል ሮን ደጋግሞ ይጠይቃታል፣ መልስም አይሰጠውም። ወንድምዎ ዓይኑን አይጡ ላይ ተክሎ ይህን ሳያይ ቢያልፍ፣ እባክዎ ይለፍ።